የሳተላይት ሽማግሌ

በሰው ተናድጄ አውቃለሁ። በመኪና፣ በመብራት፣ በዝናብ ተናድጄ አውቃለሁ። በዛፍ ስናደድ ግን የዘንድሮው የመጀመሪያዬ ነው። ስላልለመድኩት አነጋገሬ ከረር ቢል አትቀየሙኝ። ዛፍ ሲባል የማውቀው ከሥሩ ቁጭ ብለው የሚያርፉበትን ነው። እዚህ እኔ ያለሁበት አገር ያለው ዛፍ ግን ሌላ ነው። ቀና ብለህ ጫፉን ልይ ካልክ ኮፍያህ ይወድቃል እንጂ ጫፉ አይታይም። ሰማይ የሚባለውን ነገር ለብቻው ይዞታል።

ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

እኔ ሲያትል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ልጃችን ሊያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ እናወራታለን፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልናለች፣ እንደዚሁ ተግባብተን እንኖራለን። ከስንት ጊዜ በኋላ የእኔና የጽጌ ዕረፍት በአንድ ሳምንት ገጠመ። ጽጌ ወዲያው አዋጅ አወጣች። «በዚህ ሳምንት ሰርግ አልሄድም፣ ልደት አልሄድም፣ ዘመድ ቤት አልሄድም። አርቪ ተከራይተን ጫካ ነው የምንገባው» አለች።

አርቪ ማለት ውስጡ ቤት የተሠራለት መኪና ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ አለው። ቤታችሁን ቆልፋችሁ ትወጡና ያንኑ ቤት በትንሹ እየነዳችሁ ትዞራላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና ሲነዳ ለከረመ ሰው፣ ሌላ ትልቅ መኪና መንዳት በየትኛው በኩል ዕረፍት እንደሚሆን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ጽጌ ግን ወሰነች፣ አለቀ።

ችግሩ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽምግልና ነበረብኝ።

ብሩክና ሰላም የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ፤ የሚኖሩት ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቁ ነው። ሰላምን ለብሩክ ስንጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ገና መቀመጥ የጀመረች ሕፃን አለቻቸው። ታዲያ ብሩክ ለሚስቱ ቃል ሳይተነፍስ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሥራ ፈርሞ መጣ፤ ከወጣ ሳምንታት ሳይመለስ የሚቆይበት ሥራ ማለት ነው። ሰላም ይህን ስትሰማ ልጇን ታቅፋ ሊንውድ የምትባለው ጎረቤት ከተማ ያለችው አክስቷ ቤት ገባች። «እኔን ሳያማክር ከቤት ሊጠፋ የፈረመ ሰው፣ ከእነጭራሹ ይጥፋ» ነው ያለችው። እሱ ደግሞ «ወንድ ሠርቶ ነው የሚያድረው» ብሎ አፉን ዘጋ። ሰኞ መንገድ ይጀምራል። ቅዳሜ ካልታረቁ አበቃ።

እዚህ ላይ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ብሩክ አውቶቡሴ ላይ ተሳፈረ። የምሳ ዕቃውን ይዟል። መሃል ከተማ ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልወረደም። የመጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሱ ተቀምጧል።

«ብሩኬ፣ ደርሰናል እኮ» አልኩት።

«ከአንተው ጋር እመለሳለሁ፣ ጋሼ» አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ይሠራበት ከነበረው መጋዘን ተቀንሷል። ለሰላም መንገር አቅቶታል። ጠዋት ጠዋት የምትቋጥርለትን ምሳ ይዞ ይወጣል፣ አውቶቡስ እየቀያየረ ከተማውን ሲዞር ይውላል፣ ምሳውን የኋላ ወንበር ላይ ይበላል፣ ማታ «ደከመኝ» ብሎ ይገባል። «ልጅ ታቅፋ በሩን ስትከፍትልኝ ምን ብዬ ልንገራት? ሌላ ሥራ እስካገኝ ነው። ለማንም እንዳትናገር ማልልኝ» አለኝ። መሪዬን እንደያዝኩ ማልኩ።

እንግዲህ የጭነት መኪናውን ለምን እንደፈረመ እኔ አውቃለሁ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ከድሮ ጀምሮ ነበረው፤ ሰውየው ቶሎ ያገኘውን ያዘ። ላስታርቅ ስቀመጥ ግን ዋናውን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ፣ የቀረውን እያነሳሁ እየጣልኩ ነው። ለጽጌም አልነገርኳትም።

«ሌላ ሽማግሌ የለም?» አለችኝ ጽጌ።

«ጋሽ ዘለቀ አሉ። ግን ስናጋባቸው የሄድኩት እኔ፣ ሲፋቱ ጫካ ገባ ልባል?»

«በስልክ አናግራቸዋ።»

«ጫካ ውስጥ ስልክ አይሠራም።»

«እሱማ ነው ደስ የሚለው» አለች።

አስታራቂ ሆኖ የመጣው ፍቃዱ ነው፤ ስሙን ሳነሳ አሁንም ደሜ ይፈላል። ፍቃዱ ሶዶ ውስጥ አርቪ የሚያከራይ ወዳጃችን ነው። ጭንቀቴን ሲሰማ ሳቀና ከአንድ ሣጥን ውስጥ የትሪ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ነጭ ዲሽ አወጣ። «ይሄን የትም ታስቀምጣለህ፣ ከአርቪው ጋር በገመድ ታያይዘዋለህ፣ በቃ፣ ኢንተርኔቱን በቀጥታ ከሳተላይት ያወርድልሃል» አለኝ።

«ጫካ ውስጥም?»

«ጋሼ፣ ሰማይ የሌለበት ቦታ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ከፈለጋችሁ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ።

እዚያው ግቢው ውስጥ ሞከረልኝ። ዱባይ ያለችው እህቱ ጋ ቪዲዮ ኮል አደረገ። የምትከትፈው ሽንኩርት ቁርጥራጩ ሳይቀር ይታያል። እኔም አመንኩ። የሶዶ የመኪና ማቆሚያ ዙሪያውን አስፋልትና መጋዘን ብቻ እንደሆነ፣ ችግኝ እንኳ እንደሌለበት፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ወጣን። አርቪውን ጀልባ ላይ ጭነን ባሕሩን ተሻገርንና ጫካው ውስጥ ወዳለው የካምፕ ቦታ ገባን። ጽጌ ከመኪናው ወርዳ እጆቿን ዘርግታ አየር ሳበች። ሊያ እንኳ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከታ ቀና አለች። እኔ ዲሹን አውጥቼ ሣር ላይ አስቀመጥኩት። ዲሹን የሚያዝ አፕ ስልኬ ላይ አለ። አፑ «ስልክህን ወደ ላይ አንሳና ሰማዩን አሳየኝ» አለኝ። አነሳሁ። «ዙር» አለኝ። ዞርኩ። «እንደገና ዙር» አለኝ። ስልክ ወደ ሰማይ ይዤ እየተሽከረከርኩ ስንገዳገድ፣ ጎረቤት የሰፈሩ አሮጊት ፈረንጅ መጥተው የትኛውን ወፍ እያየሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። አፑ ዙሬን ከጨረስኩ በኋላ ስልኬ ላይ ቀይ ቀለም ረጨና መሰናክል አለ አለኝ። መሰናክሉ የቱ እንደሆነ አልነገረኝም፤ ሁሉም ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት፤ መሰናክል። የአርቪው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ጭንቅላቴ ላይ ይዤው ቆምኩ፤ መሰናክል። ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ሦስት ቃል እስክንነጋገር ይቆይና ይሄዳል። ሳተላይቱ ከዛፍ ዛፍ ሲሻገር በመሃል የምትገኘው ክፍተት ብቻ ነው የእኔ ድርሻ።

«ለዕረፍት ነው የመጣነው» አለች ጽጌ ከታች።

«እያረፍኩ ነው» አልኳት ከጣሪያው ላይ።

ዓርብ ዘዴ መጣልኝ። ገመድ ፈለግኩና ዲሹን አንዱ ዛፍ ላይ ከፍ አድርጌ ላስረው ተነሳሁ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ እግሬን ከማሳረፌ የጫካው ጥበቃ ሠራተኛ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ከሥሬ ቆማለች። በትሕትና፣ በፈገግታ፣ ዛፍ ላይ ምንም ነገር ማሰር ክልክል እንደሆነ ነገረችኝ። ዛፉን ሊያሳምመው ይችላል አለች። ያ ሁሉ ዛፍ ተሰልፎ ሰማዬን ሲዘጋብኝ አንድም ጥበቃ አልመጣልኝም። እኔ አንዱን በገመድ ስነካው ግን በመኪና ደረሱለት። ይህን በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳኋት። አዳምጣ ስታበቃ «ክፍት ሰማይ ከፈለግክ አንድ ቦታ አለ» አለችና በጣቷ ወደ መግቢያው በር አሳየችኝ።

ቦታው ለካ አርቪዎች የመጸዳጃ ታንካቸውን የሚያራግፉበት ነው። መሃሉ ላይ ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ፣ ጎኑ ላይ የውሃ ቧንቧ አለ፣ ዙሪያው ገላጣ ነው። ዛፎቹም ያን ቦታ ሸሽተውታል፤ አልፈርድባቸውም። አፑን ከፈትኩ። ሰማዩ ወለል ብሎ ታየ። መሰናክል የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት አርቪውን እዚያ ወስጄ ፓርክ አደረግኩ። ከላይ ሸሚዝ ለብሼ ጋቢ ደረብኩ፤ ለሽምግልና በባዶ ትከሻ አይቀረብም። ከታች ያው ቁምጣ ነው፤ እሱ አይታይም። ጽጌ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፈነች። ሊያ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አቆመችልኝ።

የሰላም አክስት ሳሎን ብቅ አለ። ሰላም ሕፃኗን ታቅፋ በአንድ ጥግ፣ ብሩክ ጉልበቱ ላይ ኮፍያውን አድርጎ በሌላው ጥግ፣ መሃላቸው ጋሽ ዘለቀ። ጋሽ ዘለቀ ሰባውን ያለፉ ደግ ሰው ናቸው። ሲያትል ውስጥ እሳቸው ያልመረቁት ቤት የለም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ምርቃት ከጀመሩ ማቆሚያውን አያገኙትም።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዘለቀ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የት ሆነህ ነው? ጀርባህ ያለው ቧንቧ ምንድነው?»

«ጫካ ነኝ።»

«እሺ። በምርቃት እንጀምር» አሉና ተነሱ።

መረቁ። ባልና ሚስቱን መረቁ፣ ሕፃኗን መረቁ፣ የሌሉትን ወላጆች በየስማቸው መረቁ፣ አክስትየዋን መረቁ፣ ይህን መገናኛ የሠሩትን ሰዎች መረቁ። እኔ «አሜን» እያልኩ መስኮቱን አያለሁ፤ ምክንያቱም ከኋላዬ አንድ ትልቅ አርቪ መጥቶ ቆሟል፣ ከእሱ ኋላ ሌላ አለ። ቅዳሜ ለካ ሰው ሁሉ ታንኩን አራግፎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ነው። የፊተኛው ሾፌር ወርዶ መስኮቱን አንኳኳና ጨርሻለሁ ወይስ ገና ነኝ ሲል ጠየቀኝ። ሰው እያስታረቅኩ ነው አልኩት። ጋቢዬን አየ፣ ቁምጣዬን አየ፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና ጥሩንባውን ይነፋ ጀመር።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሰማዩ ላይ ደመና ገባ። ኢንተርኔቱም መቆራረጥ ጀመረ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ አማርኛ ዋናውን ነገር የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ወዶ ይሁን ጠልቶ፣ ሰጥቶ ይሁን ነፍጎ፣ እስኪጨርስ አይታወቅም። ይሄ ዲሽ ደግሞ የሚቆረጠው መጨረሻው ላይ ነው።

ብሩክ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ይህን ሥራ እተዋለሁ» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ሰላም እያለቀሰች ነው። «እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለች፤ ድምፁ ጠፋ።

ዕንባዬ መጣ። እጄን ከጋቢዬ ውስጥ አወጣሁና «ተባረኩ ልጆቼ፣ እንዲህ ተዋዳችሁ ኑሩልኝ፤ በሉ ተነሱና ተሳሳሙ» አልኩ።

ሊንውድ ያሉት ሁሉ እንደ እብድ ያዩኛል።

«ልጄ፣ ምን ሰምተህ ነው?» አሉኝ ጋሽ ዘለቀ።

ለካ ብሩክ ያለው «ይህን ሥራ እተዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም» ነው። ሰላም ያለችው «እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብዬ አላስብም» ነው። እኔ ደግሞ ተሳሳሙ አልኳቸው። ሰላም ልጇን አቅፋ ተነሳች። ብሩክም ኮፍያውን አደረገ። ጋሽ ዘለቀ ሁለቱንም በልብሳቸው ይዘው «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ» ሲሉ፣ ምስሉ እንደዚያው ደርቆ ቀረ። ሰላም አፏን ከፍታ፣ ብሩክ ግማሽ ተነስቶ፣ ጋሽ ዘለቀ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

«ዳድ፣ ፍሪዝ አደረገ» አለች ሊያ።

ከኋላ ሦስት ጥሩንባ አንድ ላይ ይጮኻል። ሽታው በተዘጋ መስኮት ገብቷል። ጽጌ በሻርፗ ውስጥ ሆና «እና እንዲህ ልትሆን ነው ዕረፍቴን የወሰድክብኝ?» አለችኝ። ያኔ ነው የፈነዳሁት።

«እኔ ምን ላድርግ» አልኳት። «እሱ ግትር፣ እሷ ግትር። እሷ ምላሷን አንዴ ካወጣችው መመለሻውን አታውቅም። እሱ ደግሞ ፈሪ ነው፤ ሚስቱን የሚፈራ ወንድ። ከመጋዘኑ ከተቀነሰ ስንት ጊዜው፣ ለእሷ መንገር ፈርቶ በየቀኑ የቋጠረችለትን ምሳ ይዞ አውቶቡሴ ላይ ሲዞር ይውላል። የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ይበላዋል። ከመንገዱ መጨረሻ እስከ መጨረሻ ስመላልሰው አንጀቴ ተቃጥሏል። የጭነት መኪናውንም የፈረመው ባዶ እጁን ፊቷ መቆም አቅቶት ነው እንጂ ከእሷ ሊሸሽ አይደለም። ይህን በአንድ ቃል ቢነግራት እኮ አልቆ ነበር። ማልልኝ ብሎ አፌን ዘጋው እንጂ።»

ጽጌ ሻርፗን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። «ብሩክ?» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ግን ገና አልወጣልኝም። «ከሁለቱም የባሱት ደግሞ ጋሽ ዘለቀ ናቸው» አልኩ። «ይሄ ሰማይ ክፍት የነበረው ለምርቃቱ ብቻ ነው። ሳተላይቱን ሳይቀር መረቁት እኮ፤ መርቀው ሸኙት።»

ዞር ስል ታብሌቱ ላይ ጥሪው ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ አለ። ሊያ ጽሑፉንም እኔንም ታያለች።

«ዳድ» አለች፤ ይህቺ ልጅ አስፈላጊ ነገር ሲሆን አማርኛዋ ይመጣል። «ምስሉ ነው የቆመው። ድምፅህ ግን ሲሄድ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ አሁን። አሁን ነው የተቋረጠው።»

ደግሜ ልደውል ስል የጥበቃዋ መኪና መጣ። በትሕትና፣ በፈገግታ፣ ይህ ቦታ ለማራገፊያ ብቻ እንደሆነ፣ የማራግፈው ከሌለ እንድነሳ ነገረችኝ። የማራግፈውንማ አራግፌ ነበር። ተነሳሁ፤ ወደ ዛፎቼ ተመለስኩ።

በዚያ ማታ ጽጌ አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «ደግሞ መሐላዬን አላፈረስኩም» አልኳት። «ለማንም አትናገር ነው ያለኝ። ሚስት ማንም አይደለችም።» ጽጌ «ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጠዋት ስነሳ ዕቃውን ራሷ ሰብስባ መኪናው ውስጥ ከታዋለች። ዕረፍቷ ገና ሁለት ቀን ነበረው። «ንዳ። ስልክ ያለበት ቦታ እንድረስ» አለች።

ከጫካው ወጥተን የመጀመሪያዋ ከተማ ስንደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከብሩክ ምንም የለም። ከሰላም ምንም የለም። የጋሽ ዘለቀ ያልተነሳ ጥሪ ግን መዓት ነው። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆሜ ደወልኩላቸው።

«ሰማችሁኝ?» አልኩ፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ጥርት አድርገን ነዋ። ከሁሉ ጥርት ያለው እሱ ነበር» አሉ።

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ምላሷን ስል ሰላም ወደ በሩ ስትሄድ ነበር። ፈሪ ነው ስል ብሩክ ታብሌቱን ሊወረውረው ተነስቶ ነበር። አውቶቡሱን ስጠራ ግን ሁለቱም ቆሙ። ሰላም ዞራ አየችው። «የቋጠርኩልህን ምሳ አውቶቡስ ላይ ነው የምትበላው?» አለችው። ኮፍያውን አወለቀ። «ብሩኬ፣ ስጠይቅህ» አለችው። «የኋላ ወንበር ላይ» አላት። ሕፃኗን ለአክስቷ ሰጠችና አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ጋሽ ዘለቀም ትንሽ ማልቀሳቸውን አልደበቁኝም።

«ከዚያ በኋላማ ሁለቱም ተነሱብህ» አሉኝ። «እሷ ‹ባሌን ፈሪ የሚለው እሱ ማን ነው?› ትላለች። እሱ ‹ሚስቴን ምላሰኛ የሚለው እሱ ማን ነው?› ይላል። አንተን እየረገሙ አብረው በአንድ መኪና ወደ ቤታቸው ገቡ። እንዲህ የተዋደዱ ባልና ሚስት አይቼ አላውቅም። ልጄ፣ ምርቃት ይሠራል።»

ምርቃት አሉ። ዲሽ ተሸክሜ ጣሪያ ላይ የወጣሁት እኔ፣ ፍሳሽ አጠገብ ጋቢ የለበስኩት እኔ፣ ምስጋናውን የወሰደው ምርቃት። ቢሆንም ስልኩን ስዘጋ እግሬ ቀለለኝ። ዲሹን ለፍቃዱ ስመልስለት «እንዴት ነበር?» አለኝ። መልሴ እዚህ አይጻፍም።

ብሩክ የረጅሙን መንገድ ተወው። ከወደብ ኮንቴይነር እያመላለሰ ማታ ቤቱ የሚገባበት ሥራ አገኘ። እኔን ግን አያናግረኝም። ሰፈር ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ሰላም ለጽጌ ትደውላለች፤ ስለ እኔ ጤንነት አትጠይቅም። በመጨረሻ ጋሽ ዘለቀ ጣልቃ ገቡና ለአንድ እሑድ ቀጠሩን። ሽማግሌው እሳቸው፣ ተከሳሹ እኔ፣ ቦታው እነ ብሩክ ቤት።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ተከሰው ሲቀመጡ ወንበሩ እንደሚጠብብ የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። ብሩክ መሬት መሬቱን እያየ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አለኝ። «በዚያን ቀን ልክ ሊቋረጥ ሲል ‹ከሁለቱም የባ…› ብለህ ጠፋህ። ‹የባሰው› ልትል ነው ‹የባሰችው›?»

«እኔ ‹የባሰው› ነው የምለው» አለች ሰላም። «እሱ ‹የባሰችው› ነው ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ አልተስማማንም።»

ጽጌ አጠገቤ ውሃ እየጠጣች ነበር፤ ብርጭቆዋ አየር ላይ ቆመ። «የባሱት» የሚባል አነጋገር እንዳለ ከሦስቱ አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ጋሽ ዘለቀ ፊት ለፊቴ በደግ ዓይናቸው እያዩኝ «እውነቱን ተናገር ልጄ፣ እዚህ ማንም አይቀየምህም» አሉኝ።

የባሰው ብል ብሩክን አጣሁ። የባሰችው ብል ሰላም ሊንውድ ትመለሳለች። እውነቱን ብል ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ የሚመርቀኝ አይኖርም። ዕድሜ ልኬን ያ ኢንተርኔት እንዲቋረጥልኝ የተመኘሁት ያን ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ ግን በአካል ነበርኩ፤ ጥርት ብዬ እታያለሁ።

«የባስኩት» አልኩ። «ከሁለቱም የባስኩት እኔ ነኝ ልል ነው።»

እንግዲህ ሰው ራሱን እንዲህ ሲያዋርድ፣ በእኛ ወግ አንዱ እንኳ «ኧረ ተው፣ አንተማ እንዲህ አትባልም» ይላል። እሱን ጠበቅኩ። ብሩክ ሰላምን አየ። ሰላም ብሩክን አየች።

«እንደሱ ከሆነ ልክ ነው» አለች።

«ልክ ነው» አለ ብሩክ። ተነሳና እጁን ዘረጋልኝ።

«እኔም ያን ጊዜውኑ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

ጽጌን ውሃው ትን አላት። ፈጥነው ተነስተው ጀርባዋን መታ መታ ያደረጉላት ጋሽ ዘለቀ ናቸው።